ስም ያልጠራሁበት ጸሎት

እሑድ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦላና ዛሬ ከመድረክ ተናገረ። ዘጠኝ ዓመት የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆኜ አገልግያለሁ፣ አሁን በቃኝ አለ። ልጆቹ ነቀምት ቤት ሠርተውለታል፤ ከመስከረም በኋላ ጠቅልሎ ይገባል። ሰዉ "ኧረ አይሆንም!" እያለ አጉረመረመ። እኔም አብሬ አጉረመረምኩ። በሆዴ ግን ሌላ ነበር ያልኩት። ደብተር ነው፣ ማንም አያየውም፣ ልጻፈው፦ ተራዬ ደረሰ አልኩ።

ተራዬ ነዋ! ይቺ አጥቢያ የተጀመረችው እኔ ሳሎን ውስጥ ነው። በ1996 ጎሮ እንዲህ ሕንጻ በሕንጻ ሳትሆን፣ ከከብት ጋር እየተጋፋን ወደ ቤታችን በምንገባበት ዘመን፣ ዘጠኝ ሰዎች ሆነን ባለቤቴ አምለሰት ባነጠፈችው ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን ጸለይን። የመጀመሪያዎቹን አግዳሚ ወንበሮች በአይሱዙ ጭኜ ያመጣሁ እኔ። ጣራው ሲያፈስ ላዩ ላይ የወጣሁ እኔ። ሦስት ጊዜ ምክትል ሰብሳቢ ሆኜ ተመርጫለሁ። ምክትል ማለት ሰብሳቢው ጉንፋን ሲይዘው የሚታወስ ሰው ነው።

ምሳ ላይ አምለሰት "ምነው ዛሬ ፊትህ በራ?" አለችኝ።

"ስብከቱ ደስ ብሎኝ ነው" አልኳት። ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረች ሴት፣ ምን ብዬ ነው የማታልላት?

ማክሰኞ ሐምሌ 8

ሥራ ቦታ። ዝናቡ ያለ ምሕረት ይወርዳል። ለቦሎ ምርመራ የተሰለፈው መኪና እስከ አያት መንገድ ወጥቷል። ፍሬኑ የማይዝ ሚኒባስ ይዞ መጥቶ "ጋሼ፣ እለፍ በለኝ" ከሚል ሹፌር ጋር ስጨቃጨቅ ኦላና ደወለ። ለሽማግሌነት የሚታጩትን ስልጠና አንተ ስጥልን አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራት ሳምንት። ርዕሱ "እግዚአብሔርን የሚፈራ መሪ"።

"ካንተ የሚሻል የለም" አለኝ። እሰይ። ሚኒባሱን ግን አላሳለፍኩትም።

እሑድ ሐምሌ 13

የእጩዎች ስም ተነበበ። ለሰብሳቢነት ሁለት ሰው። አንደኛ አስፋው ተባለ፣ እኔ ማለት ነው፤ ሰዉ "አሜን" አለ። ሻይ ያልጠጣ ሰው አሜን። ሁለተኛ ያቤጽ ተባለ፤ ሰዉ አጨበጨበ! በእኛ አጥቢያ ለእጩ መቼ ተጨብጭቦ ያውቃል? ከኋላ ደግሞ አንዷ እልልታዋን አቀለጠችው።

ያቤጽ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ባንክ ይሠራል፣ ወጣቶቹን ያስተምራል፣ ዝማሬ ይመራል። የመጣ ጊዜ እጅጌው የረዘመ ኮት የለበሰ ተማሪ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱን እንኳ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ስሙ ሲጠራ ራሱን ዝቅ አድርጎ መሬት መሬት አየ። እሱን ነው የማልወደው፤ ሲያጨበጭቡለት መሬት ማየቱን። ትንሽ ቢኮራ እኮ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ሩሃማ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ "አባ፣ ያቤጽ ቢመረጥ ደስ አይልህም? አንተ እኮ ነህ ያሳደግከው" አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው፣ ምን ታውቂያለሽ ልላት ብዬ ተውኩት።

"የጌታ ፈቃድ ይሁን" አልኳት።

ቅናት አይደለም። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ በልጅ አልቀናም። የአሠራር ጉዳይ ነው፤ የቆየ ሰው ይቅደም ነው የምለው።

ቅዳሜ ሐምሌ 19

የመጀመሪያው ትምህርት። ከሙሴ አማት ከዮቶር ጀመርኩ። ሙሴን መሪዎች ሲያስመርጠው ስለ ችሎታ ተናገረ፤ ወዲያው ደግሞ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ይሁኑ አለው። ጎበዝ መሆን ብቻውን አይበቃም አልኩ። ይህን ስል ዓይኔ ያቤጽ ላይ አርፎ ነበር መሰለኝ።

ከፊት ተቀምጦ ሁሉንም ይጽፋል። ከዚያ እጁን አወጣ።

"ጋሼ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ መሪና ሰውን የሚፈራ መሪ ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ይጠነቀቃሉ፣ ሁለቱም ክፉ አይሠሩም። በምን እንለያቸዋለን?"

ክፍሉ "እም…" አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ "ማንም በሌለበት በሚሠሩት ነው የሚለዩት" ብዬ መለስኩ። ጥሩ መልስ ነው። ግን ለጥያቄው የነቀነቁት ስድስት ነበሩ፤ ለመልሴ የነቀነቁት ሦስት። ቆጥሬያለሁ። ምን ላድርግ፣ ዓይኔ ነው የቆጠረው።

ቤት ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማለቴ ረስቼው አላውቅም፤ ግን ዛሬ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

በ2010 ያቤጽ እናቱ የሞተች ጊዜ መጠጥ ጀምሮ ነበር። ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ያኔ ብቻውን ይኖር ነበር፣ መጠጣቱን ማንም አያውቅም። አንድ ዓርብ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣና መኪናዬ ውስጥ ገብቶ አለቀሰ። "ጋሼ፣ ባለፈው እሑድ ጠጥቼ ነው መድረክ ላይ የወጣሁት። ሰው ጸጋ ወረደ ብሎ አለቀሰ። እኔ ግን ሰክሬ ነበር" አለኝ። አቀፍኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥራ አራት ወር ሙሉ ዓርብ ዓርብ ያቺ አሮጌ መኪናዬ ውስጥ አብረን ጸለይን። ተወው። ይኸው ሰባት ዓመቱ፣ ጠብታ አልቀመሰም። ለአምለሰት እንኳ አልነገርኩም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ በዚህ እኮራለሁ፣ እውነቴን ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ሰብሳቢ ይሁን? መጠየቅ ነው። ማንንም አልጎዳሁም። የአጥቢያው ሽማግሌ ነኝና ማሰብ ግዴታዬ ነው።

እሑድ ሐምሌ 20

ስም ለሁለተኛ ጊዜ ተነበበ። ሥርዓቱ ነው፤ ሁለት እሑድ ይነበባል፣ ተቃውሞ ያለው ምእመን ስሙንና ፊርማውን አስፍሮ በታሸገ ፖስታ ለአስመራጭ ኮሚቴው ያስገባል። ቀነ ገደቡ እስከ ዓርብ።

ከሰዓት በኋላ በር ዘግቼ ጻፍኩ። "በክርስቶስ የተወደዳችሁ" ብዬ ጀመርኩ። ቀደድኩት። "ለቤተ ክርስቲያን ክብር ካለኝ ቅናት የተነሳ" ብዬ ጀመርኩ። እሱንም ቀደድኩት። ሦስተኛውን ጨረስኩት፤ አንድ ገጽ ነው፣ ጥሩ ወጥቷል። ፊርማ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ስሜ ከሥሩ ሲሰፍር ታየኝ። አስፋው፣ ተወዳዳሪው። ምን ይላሉ? "ቀንቶ ነው" ይላሉ።

አልፈረምኩም። ይህ ራሱ እግዚአብሔርን መፍራት ነው።

ረቡዕ ሐምሌ 23

ለሥራ እየተጣደፍኩ ነው። መኪና ውስጥ።

ከማለዳ ጸሎት መውጣቴ ነው። የጸሎት ርዕስ ያለው ተባለ። ተናገርኩ። ስም አልጠራሁም። ስም አልጠራሁም!

ያልኩት ይህ ነው፦ "ወገኖች፣ ሸክም ሆኖብኛል። ለኃላፊነት ከታጩት አንድ ወንድም በመጠጥ የተያዘ ሕይወት አለው። ጠጥቶ መድረክ ላይ እስከ መቆም ደርሷል። ይህን የምናውቀው እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነን። ስም አልጠራም፤ እንጸልይለት።" ሰባት ዓመት እንዳለፈው አልጠቀስኩም። ጊዜ አልነበረም። መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰበረ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጸሎቱን የምትመራው እህት ብሩክታይት እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ሰዎቹ መጸለይ ብቻ አይደለም፣ ተንሰቀሰቁ። ስለ ማን እንደሆነ ገብቷቸው ይሆን፣ ይህን ያህል ይወዱታል እንዴ? ለተቃውሞ ወረቀት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ለጸሎት ርዕስ አያስፈልግም። ስምንት መኪና ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ቅዳሜ ሐምሌ 26

የሆነ ነገር እየተወራ ነው። ሲያዩኝ ዝም ይላሉ። ግን የሚገርመው ለእኔ የሚያሳዩኝ ፍቅር! ብሩክታይት ትናንት ሁለት ጊዜ ደወለች። "ጋሽ አስፋው፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው፣ የማይወጣ ነገር የለም" ትለኛለች። "አሜን" እላታለሁ። "ቀን በቀን ነው የምንወጣው" ትላለች። "አሜን እህቴ" እላለሁ። ለያቤጽ ያላት ሸክም የሚደንቅ ነው።

በስልጠናው ስለ ሳኦል አስተማርኩ። ሳኦል እግዚአብሔርን ትቶ ሕዝቡን ፈራ፤ ሴቶቹ ለዳዊት ሲዘፍኑ ሰምቶ ከዚያን ቀን ጀምሮ በክፉ ዓይን ያየው ነበር። ይህን ክፍል ቶሎ ቶሎ አለፍኩት፤ ሰዓት ስላጠረን። ያቤጽ ዛሬ አልጻፈም። እስክሪብቶውን ይዞ እኔን እኔን ያየኛል።

እሑድ ሐምሌ 27

ኦላና ከአምልኮ በኋላ ወደ ጎን ወሰደኝ። "አስፌ፣ እኔና አንተ ወንድማማች ነን። የከበደህ ነገር ካለ ለእኔ ንገረኝ።"

"ምን ይከብደኛል?" አልኩት።

እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ አየኝ። እንደ በሽተኛ ነው ያየኝ። ኦላና ደግሞ ስንብት ሲቃረብ ሆደ ባሻ ሆኗል።

ያቤጽን ግን ማንም በክፉ አላየውም። ሦስት ቀን ሙሉ ተወርቶ? ዛሬም ዘመረ፣ ዛሬም እጃቸውን አነሱለት። በዝማሬው መሃል ዓይኑን ጨፍኖ እንባው ይወርዳል፤ የእኔ እንባ መድረክ ላይ ወርዶ አያውቅም። ብዙ ሞክሬያለሁ።

ማክሰኞ ሐምሌ 29

አያት ጋ ዝናቡ ድንገት ቢወርድብኝ አንዱ ግሮሰሪ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ባለቤቱ "ጋሼ ይግቡ እንጂ" ሲለኝ ገብቼ አምቦ ውሃ አዘዝኩ። ስወጣ ከመዘምራን ሁለቱ ልጆች ታክሲ ውስጥ ሆነው አዩኝ። እጄን አውለበለብኩላቸው። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ምን ሆና ነው?

ዓርብ ነሐሴ 2

ወይ ጉዴ።

ከሥራ ስገባ አምለሰት በር ላይ ጠበቀችኝ። ልትስመኝ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብላ አሸተተችኝ።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"መቼ ነው የጀመርከው?" አለችኝ። ዓይኗ አብጧል። "ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር ከሰው ልስማ? ብሩክታይት አልቅሳ ነገረችኝ። ግሮሰሪ ስትገባ አይተውሃል። መድረክ ላይ ጠጥቼ ቆሜያለሁ አልክ አሉ።"

ለደቂቃ ያህል ምን እንደምትል አልገባኝም። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ፤ የብሩክታይት ስልክ፣ የኦላና እጅ፣ የልጅቷ አፍ።

"ስለ እኔ አይደለም የተናገርኩት!" ብዬ ጮህኩ።

"አስፌ፣ እኛ ሰዎች ስለ ራሳችን ስንናገር ምን ብለን ነው የምንናገረው? 'አንድ ወንድም አለ፣ ጸልዩለት' ነው የምንለው። ብሩክታይት ሃያ ዓመት ሙሉ የምትሰማው ይህንኑ ነው። ደግሞ ድምፅህ ተሰበረ። ደግሞ ከእኔና ከእግዚአብሔር በቀር ማንም አያውቅም አልክ። ሌላ ማንን ይጠርጥሩ?"

"ሌላ ሰው ነው። ያውም ድሮ የተወው።"

"ማነው?"

ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩ።

"የሌላ ሰው ምስጢር ከሆነ፣ ያውም የተወው ከሆነ፣ ለምን ተናገርከው?"

ለዚህማ መልስ አለኝ፤ ሸክም ሆኖብኝ ነው። እሷ ግን መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች። ሩሃማ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች፤ እሷም ሰምታለች ማለት ነው። ልጄ እኔን ሰካራም ነው ብላ እያሰበች ነው። እኔን! ወይን ጠጅ እንኳ በስህተት ያልቀመስኩ ሰውዬ! ያኛው ሰክሮ መድረክ ላይ የወጣው ይጨበጨብለታል፣ እኔን ሚስቴ ታሸትተኛለች። ዛሬ የሚጸልይ አፍ የለኝም።

እሑድ ነሐሴ 4

ኦላናና ሁለት ሽማግሌዎች ቢሮ ጠሩኝ። በፍቅር ነው የተናገሩት፤ ፍቅራቸው ነው የገደለኝ።

"ለጊዜው ስልጠናውን ሌላ ሰው ይያዘው፣ አንተ እረፍት አድርግ" አሉኝ።

"እኔ አይደለሁም። ሌላ ሰው ነው።"

ኦላና ራሱን ያዘ። "አስፌ፣ ሌላ እጩ ከሆነ ማወቅ አለብን። ካልነገርከን ደግሞ ስምህን ከእጩነት ማውጣታችን ነው። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት እንሰበሰባለን፤ እስከዚያ አስብበት።"

ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሦስት ፊደል ቢወጣኝ ይበቃ ነበር። "ዓርብ እነግራችኋለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ ነሐሴ 8

ወስኛለሁ። አልተኛሁም፣ አልበላሁም፣ ወስኛለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሪዋን የማወቅ መብት አላት። እኔ ተጠየቅኩ፣ መዋሸት አልችልም። ሰባት ዓመት ያዝኩለት፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ስሜን አጥፍቼ የእሱን ስም ላጥራ? አምለሰትም ትሰማለች፣ ሩሃማም ቀና ብላ ታየኛለች።

"ያቤጽ ነው።" ሁለት ቃል ነው።

ዓርብ ነሐሴ 9

ጠዋት፦ ዛሬ እናገራለሁ።

ከስብሰባው በኋላ፦ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ኦላና ጸለየና "እህ፣ አስፌ?" አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አፌን ከፈትኩ። በሩ ተንኳኳ።

ያቤጽ ነው። ከሚስቱ ከማራናታ ጋር። እሷ እጁን ይዛዋለች።

"ይቅርታ፣ ሳልጠራ መጣሁ" አለ። "የምትፈልጉት ሰው እኔ ነኝ።"

ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። የእናቱን ሞት፣ መጠጡን፣ ያንን እሑድ፣ አሥራ አራቱን ወር ዓርቦች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሽ አስፋው ሰባት ዓመት ይህን ተሸክሞልኛል። ዛሬ በእኔ ምክንያት ሰካራም ሲባል፣ ከእጩነት ሊወጣ ሲል፣ ስሜን አልጠራም። እስከ ዛሬ ሲያስተምረን የነበረው መሪ ማለት ይኸው ነው። እኔ ስሜን ከእጩነት አንስቻለሁ።"

ኦላና ተነስቶ እግሬ ላይ ሊወድቅ ነበር፣ ያዝኩት። "ይቅር በለኝ አስፌ" እያለ ያለቅሳል። ሁሉም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ እነሱ ያለቀስኩበት ምክንያት የገባቸው መሰላቸው። የከፈትኩት አፌ ግን ምንም ሳይናገር ተዘጋ። ልናገር የነበረውን ማንም አያውቅም።

በሩ ላይ ያቤጽ ጃንጥላ ይዞልኝ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። ዝናቡ እየጮኸ ነው። መኪናዬ ውስጥ ልገባ ስል በዝግታ እንዲህ አለኝ፦

"ጋሼ፣ ብሩክታይት የጸሎት ርዕሱን ስትነግረኝ 'መድረክ ላይ' የሚለው ላይ ስትደርስ አወቅኩት። ለእርስዎ ብቻ ነበር የነገርኩት።"

ያ ብቻ ነው። በሩን ዘጋልኝና ወደ ሚስቱ ሄደ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ መልስ ነበረኝ።

እሑድ ነሐሴ 11

ያቤጽ ምእመናን ፊት ራሱ ቆሞ ተናገረ። ማንም አላስገደደውም። ኦላና ተከትሎ ስለ እኔ ተናገረ፤ "ምስጢር ጠባቂ፣ ስሙ ሲጠፋ ወንድሙን ያልሰጠ" አለኝ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ለእኔ! ስንት ዓመት የጠበቅኩት ጭብጨባ፤ እንደ በረዶ ነው የወረደብኝ።

ሩሃማ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አባ፣ እንዴት ዓይነት ሰው ነህ! ስለጠረጠርኩህ ይቅርታ" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ለጓደኞቿ በስልክ ስትናገር ነበር።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ አፍራለሁ። ከአምልኮ በኋላ ሰው እኛን ለማቀፍ ተሰለፈ። ወደ እኔ የመጣው ሰልፍ እስከ ሦስተኛው ወንበር ደረሰ። የያቤጽ እስከ በሩ። ወድቆም ይበልጠኛል። አንዲት አሮጊት ግንባሩን ስትስመው አየሁና፣ ያ ነገር፣ ውስጤ ያለው ያ ክፉ ነገር እንደገና ተገላበጠ። ሰው እንዴት በተዋረደ ሰው ይቀናል?

ማክሰኞ ነሐሴ 13

አምለሰት ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብስ ትተኩሳለች። ዛሬ "ደስ አላለሽም? ስሜ ጠራ እኮ" አልኳት።

"አንድ ጥያቄ ጠይቄህ ነበር" አለችኝ። "አልመለስክልኝም።"

ቅዳሜ ነሐሴ 17

ስልጠናውን መለሱልኝ። ዛሬ የመጨረሻው ነበር፣ ነህምያ። ገዥ ሆኖ ሳለ ከእሱ በፊት የነበሩት ገዥዎች በሕዝቡ ላይ ያደረጉትን እሱ አላደረገም፤ ምክንያቱን ሲናገር እግዚአብሔርን ስለ ፈራሁ ነው ይላል። ሌላ ምክንያት አልሰጠም። ሕግ ስለሚከለክል፣ ሰው ስለሚያየኝ አላለም።

ለማንበብ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለቴም ጥቅሱ መሃል ላይ ቆምኩ። ለአንዱ ልጅ "አንብብልን" ብዬ ሰጠሁት። በመንፈስ ተነክቶ ነው ብለው "ሃሌሉያ" አሉ። ያቤጽ አልመጣም፤ እጩ አይደለማ። የተቀመጠበት ወንበር ባዶ ነበር፣ ማንም አልተቀመጠበትም። የሚከብድ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ስለሌለ ትምህርቱ ቶሎ አለቀ።

እሑድ ነሐሴ 18

ተመረጥኩ። ከሁለት መቶ አርባ አንድ ድምፅ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት። እነዚያ አምስቱ እነማን ይሆኑ? አምለሰት ወረቀቷን ስታጥፍ አይቻታለሁ፤ ምን እንደጻፈች ግን አላየሁም።

እሑድ ነሐሴ 25

ዛሬ እጅ ተጫነብኝ። ቅደም ተከተሉን እንዳልረሳው ልጻፍ። የምረሳው ይመስል።

ሙሉ ልብስ ለብሼ ፊት ወጣሁ። ኦላና ጠየቀኝ፦ "ወንድም አስፋው፣ ይህን አገልግሎት እግዚአብሔርን በመፍራት ትቀበላለህ?"

ዝም አልኩ። ምናልባት እስከ ሦስት የሚቆጠር ያህል። ሰዉ ትሕትና መሰለው፤ ከኋላ አንዱ "አይዞህ ጋሼ!" አለ።

"እቀበላለሁ" አልኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ተንበረከክሁ።

ኦላና "የዛሬውን ጸሎት ያቤጽ ቢጸልይ ደስ ይለኛል" አለ። በጎ አስቦ ነው፣ ምን ያድርግ። ያቤጽ ከኋላ ወንበር ተነስቶ መጣ። እጁን ራሴ ላይ ሲያሳርፍ ቀዝቃዛ ነበር። "ጌታ ሆይ" አለ፣ "ለእኔ የሰጠኸኝን ምሕረት ለጋሽ አስፋውም ስጠው። በመኪናው ውስጥ አብሮኝ ሲያለቅስ የነበረውን ልብ መልስለት።"

ጉባኤው "አሜን!" አለ፤ ጣራው ተንቀጠቀጠ። ታዲያ እኔ ምን እያደረግኩ ነበር? ተንበርክኬ፣ እጁ ራሴ ላይ ሆኖ፣ እኔ ስጸልይ እንዲህ ያለ አሜን ተብሎልኝ ያውቃል ወይ እያልኩ አስብ ነበር። ዓይኔን ገልጬ ወደ ፊት ረድፍ አየሁ። ሩሃማ እያለቀሰች አሜን ትላለች። አጠገቧ ያለችው አምለሰት ከንፈሯን ገጥማለች።

ቤት ገብተን እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። ሳህን ስታነሳ ጓዳ ድረስ ተከተልኳት።

"ሁሉም ሰው አሜን ሲል አንቺ ለምን ዝም አልሽ?"

ሳህኑን አስቀመጠች። እጇን በፎጣ ጠረገች። አልተቆጣችም።

"እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው" አለችኝ።

ሳሎን ተመለስኩ። ያ አጥቢያዋ የተጀመረችበት ሳሎን ነው። ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ መልሼ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ኦላና ጋ ደወልኩ። "ሰብሳቢዬ!" ብሎ እየሳቀ አነሳ፤ ከበስተኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። "ሄሎ? አስፌ? ኔትወርክ ነው እንዴ?" ይላል።

"አለሁ" አልኩት። "ያንን የጸሎት ርዕስ ያወጣሁት ሸክም ሆኖብኝ አይደለም፣ ኦላና። ያን ዓርብም አፌን የከፈትኩት ስሙን ልናገር ነበር።"

"ምን ማለትህ ነው? ለምን?"

"ቀንቼ ነው" አልኩት።